በስቴት መንግሥት እጅ የቀረ ገንዘባችሁን እንዴት ፈልጋችሁ ታስመልሳላችሁ

«ስሜን አስገብቼ ብፈልግ ገንዘብ አለህ አለኝ፤ እውነት ነው ወይስ የሌቦች ወጥመድ?» አሜሪካ ካሉ ወገኖች ይህ ጥያቄ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ይደርሰኛል። ብዙ ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ፣ ስልኩን ፊቴ ላይ ዘርግቶ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። መልሴ ሁሌም አንድ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ለሚጠይቀኝ የምልከው ይህንን ነው።

እውነት ነው። ባንክ፣ አሠሪ፣ የመብራት ድርጅት ወይም ኢንሹራንስ የእናንተን ገንዘብ ይዞ አድራሻችሁ ከጠፋው፣ የተወሰነ ዓመት ጠብቆ ለስቴቱ ማስረከብ ሕጉ ያስገድደዋል። ስቴቱም ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ይይዘዋል። ሃምሳዎቹም ስቴቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ለዚህ የተመደበ ቢሮ አላቸው፤ በሥራ ቋንቋው «አንክሌይምድ ፕሮፐርቲ» ይባላል። የባንክ ሂሳብ እንደየስቴቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ሳይነካ ሲቀር ይተላለፋል። ያልተወሰደ ደመወዝ ግን በብዙ ስቴቶች በ1 ዓመት ነው። መፈለግም መጠየቅም በነጻ ነው፤ በአብዛኞቹ ስቴቶችም ቀነ ገደብ የለውም፤ ከ15 ዓመት በፊት የቀረ ገንዘብ ዛሬ ሊወጣ ይችላል።

የእኛ ሰው ገንዘብ በብዛት ተረስቶ የሚቀረው ከዚህ ነው፦ ሥራ ቀይረን ሳንወስደው የቀረ የመጨረሻ ቼክ፣ ከአፓርትመንት ስንወጣ ያልተመለሰ ዲፖዚት፣ የመብራትና የጋዝ ዲፖዚት፣ የመኪና ኢንሹራንስ ሲቋረጥ የሚመለስ ትርፍ፣ ሂሳብ የተከፈተበት ግን የተረሳ ባንክ፣ ያልተመነዘረ መኒ ኦርደር። በተለይ ከአንድ ስቴት ወደ ሌላ የተዛወራችሁ፣ መጀመሪያ ስትመጡ በአንድ ዓመት ሦስት ቤት የቀያየራችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

- የታደሰ መንጃ ፈቃድ፣ ስቴት አይዲ ወይም ፓስፖርት
- የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ወይም ሙሉ ቁጥሩ የሚታይበት ሌላ ወረቀት
- አሜሪካ ከገባችሁ ጀምሮ የኖራችሁባቸው አድራሻዎች ዝርዝር፤ የአፓርትመንት ቁጥር እና ዚፕ ኮድ ሳይቀር
- የድሮ አድራሻችሁ ያለበት ማንኛውም ወረቀት፦ የቀድሞ ሊዝ፣ ደብልዩ-ቱ (አሠሪ በየዓመቱ የሚሰጠው የደመወዝ ወረቀት)፣ የታክስ ሪተርን፣ የመብራት ቢል፣ የባንክ ስቴትመንት
- ስም ቀይራችሁ ከሆነ የዜግነት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ
- ስማችሁ በእንግሊዝኛ የተጻፈባቸው መንገዶች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ

የመጨረሻዋን ነገር እንደ ቀልድ አትለፏት። ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ የአድራሻ ዝርዝራችሁን ጻፉ

ገንዘቡ የሚሄደው አሁን ወዳላችሁበት ስቴት አይደለም። ድርጅቱ በመዝገቡ ላይ የመጨረሻ አድርጎ ወደያዘው አድራሻችሁ ስቴት ነው የሚላከው። ዛሬ ሲያትል ብትኖሩም ከ10 ዓመት በፊት አሌክሳንድሪያ ስትኖሩ የቀረው ደመወዝ ቨርጂኒያ ነው ያለው። ድርጅቱ ምንም አድራሻ ከሌለው ደግሞ ገንዘቡ ድርጅቱ ወደተቋቋመበት ስቴት ይሄዳል፤ ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች የተመዘገቡት ዴላዌር ስለሆነ፣ ዴላዌርን ረግጣችሁት ባታውቁም ዝርዝሩ ላይ ጨምሯት።

አድራሻውን ካላስታወሳችሁ የክሬዲት ሪፖርታችሁን አውጡ፤ የቀድሞ አድራሻዎቻችሁ እዚያ ላይ ይገኛሉ። የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ኮፒ ያስቀመጠ ሰው ካለ ደግሞ የአምስት ዓመት አድራሻ ተደርድሮ ያገኛል።

ደረጃ 2፦ ስማችሁን በሁሉም አጻጻፍ ፈልጉ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። አብዛኛው ሰው ስሙን አንዴ ጽፎ «የለኝም» ብሎ የሚዘጋው እዚህ ጋ ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ስም እናንተ የምትጽፉት ሳይሆን የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ወይም የባንክ ሠራተኛ የጻፈው ነው።

በእኛ ስም ላይ ደጋግመው የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው፦

ሀ. *የተጣመረ ስም።* ገብረ መድኅን፣ ወልደ ሚካኤል፣ ኃይለ ማርያም የመሰለ ስም አንድ ላይ ተጽፎ፣ ተነጣጥሎ ወይም መሐሉ ሰረዝ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ሲነጣጠል ደግሞ «ገብረ» የመሐል ስም ሳጥን ውስጥ ይገባና የመጨረሻ ስማችሁ «መድኅን» ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሦስቱንም ሞክሩ።

ለ. *እንግሊዝኛ ውስጥ የሌሉ ድምፆች።* «ጸ» አንዴ በቲ-ኤስ፣ አንዴ በቲ-ዜድ፣ አንዴ በኤስ ብቻ ይጻፋል። «ቀ» በኬም በኪውም ይመጣል። «ወልደ» ከደብልዩ ቀጥሎ ኦ ወይም ኢ ይሆናል። «ኃይሉ» በአይም በዋይም ይጻፋል። «ዮሐንስ» አንድ ኤን ወይም ሁለት ኤን፤ አልፎ አልፎ በጄ የጀመረም አይቻለሁ።

ሐ. *የስም ቅደም ተከተል።* አንዳንዶቻችን የመጨረሻ ስማችን የአባት ነው፣ የአንዳንዶቻችን የአያት። ከቪዛው ወደ ሶሻል ካርዱ፣ ከሶሻል ካርዱ ወደ ባንክ ሲሄድ ይገለባበጣል። ስለዚህ የራሳችሁን ስም የመጨረሻ ስም፣ የአባታችሁን የመጀመሪያ አድርጋችሁም ፈልጉ፤ ከዚያ ከአያት ስም ጋር።

መ. *የጎደለ ስም።* ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ኖሮት ቪዛ ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ስሙ ቦታ ላይ ኤፍ-ኤን-ዩ የሚሉ ሦስት ፊደሎች ይሰፍራሉ፤ «የመጀመሪያ ስሙ አልታወቀም» ማለት ነው። በእነሱም ፈልጉ።

በብዙ ገጾች የመጨረሻ ስሙን የመጀመሪያ አራት አምስት ፊደል ብቻ ብትጽፉ ሰፋ ያለ ዝርዝር ይመጣል፤ ከከተማው ስም ጋር አድርጋችሁ አጥብቡት። እኔ የራሴን ያገኘሁት እንዲህ ነው፦ በትክክለኛ ስሜ ባዶ፣ አንድ ፊደል ዘልዬ ስጽፍ ድሮ የኖርኩበት ጎዳና ስም ብቅ አለ። የመብራት ዲፖዚት ነበር፣ መቶ ምናምን ዶላር። የአባቴን ስም ሁለት ዓመት ሙሉ ቢሉ ላይ ተሳስቶ ሲመጣ እያየሁ «ገንዘቡን እስከከፈልኩ ምን አገባኝ» ብዬ ዝም ያልኩት እኔው ነኝ።

ደረጃ 3፦ በትክክለኛው ገጽ ላይ ፈልጉ

ጉግል ላይ ጽፋችሁ መጀመሪያ የመጣውን አትጫኑ፤ ከላይ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ማስታወቂያዎች ናቸው። በሁለት አስተማማኝ መንገዶች ግቡ።

አንደኛው ሚሲንግ መኒ ዶት ኮም ነው። ብዙ ስቴቶችን በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ነጻ ነው። ሁለተኛው የስቴቶቹ ኃላፊዎች ማኅበር የሆነው ናውፓ ገጽ፣ አንክሌይምድ ዶት ኦርግ ነው፤ ካርታው ላይ ስቴታችሁን ስትነኩ ወደ ስቴቱ የራሱ ገጽ ይወስዳችኋል። የመጀመሪያውን ካያችሁ በኋላም ሁለተኛውን አትተዉ፤ የጋራው ገጽ ላይ ሁሉም ስቴት ሁሉንም መዝገብ አያኖርም።

ቢሮው በየስቴቱ የተለያየ ስም ስላለው ግራ አትጋቡ። ሜሪላንድ፣ ቴክሳስና ኒው ዮርክ ኮምፕትሮለር፣ ካሊፎርኒያ ስቴት ኮንትሮለር፣ ቨርጂኒያ የግምጃ ቤት መሥሪያ ቤት፣ ዋሽንግተን ስቴት የገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ ሚኒሶታ የንግድ መሥሪያ ቤት ሥር ነው።

ደረጃ 4፦ የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ

ውጤቱ ሲመጣ ስም፣ የአድራሻው የተወሰነ ክፍል፣ ገንዘቡን ያስረከበው ድርጅት፣ አንዳንዴም መጠኑ ይታያል። መጠኑ በትክክል ላይጻፍ ይችላል፤ «ከ100 በላይ» ወይም «ከ50 በታች» ብቻ ይላል። ሁለት ነገር ይግጠም፦ አድራሻው ከዝርዝራችሁ ጋር፣ ድርጅቱ ከምታውቁት ሥራ፣ ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ጋር። የአገራችን ስም እጅግ ይደጋገማል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በእናንተ ስም የሚጠራ ሌላ አምስት ሰው ቢኖር አይግረማችሁ። የሌላ ሰው መሆኑን እያወቁ መጠየቅ በወንጀል ያስከስሳል፤ ሳያውቁ መጠየቅም ፋይሉን ያጓትታል።

የድርጅቱ ስም እንግዳ ከሆነባችሁ ቶሎ አትተዉት። የሆቴሉ ወይም የፓርኪንጉ ደመወዝ ከፋይ ሌላ ስም ያለው ኩባንያ ሊሆን ይችላል፤ ደብልዩ-ቱው ላይ ያለውን ስም አመሳክሩ።

ደረጃ 5፦ ክሌይሙን (ገንዘቡ ይመለስልኝ የሚለውን ማመልከቻ) ሙሉና አስገቡ

የእናንተ የሆኑትን ሁሉ በአንድ ላይ ምረጡ፤ ለየብቻ ካስገባችሁ ሰነዱን በየጊዜው ይጠይቋችኋል። ቅጹ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቃል። ይሄ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ቦታ ነው፤ ስቴቱ ግን ድርጅቱ ካስረከበው ቁጥር ጋር የሚያመሳክረው በእሱ ስለሆነ የሚጠበቅ ጥያቄ ነው፤ መጀመሪያ በደረጃ 3 በኩል ወደ ገጹ መግባታችሁን እርግጠኛ ሁኑ እንጂ።

«ከንብረቱ ጋር ያላችሁ ግንኙነት» የሚለው ላይ የራሳችሁ ከሆነ ባለቤት፣ የሟች ቤተሰብ ከሆነ ወራሽ የሚለውን ምረጡ። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ሌላ ቅጽ ይላክለታል። ስትጨርሱ የሚሰጣችሁን የክሌይም ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። እሱ ከሌለ ደውላችሁ ስትጠይቁ የሚያገኛችሁ የለም።

ደረጃ 6፦ ማስረጃውን አያይዙ

ስቴቱ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ይህ ሰው እናንተ መሆናችሁን፣ እና ያ አድራሻ የእናንተ እንደነበር። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ክሌይሙ የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው። መንጃ ፈቃዳችሁ የሚያሳየው የአሁኑን ቤት ነው፤ ገንዘቡ ግን የተመዘገበው በድሮው ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ወረቀት ከሌለ ማመልከቻውን ለሚያየው የቢሮው መርማሪ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናችሁ። የድሮ ወረቀት ሁሉ ከተጣለ፣ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይ-አር-ኤስ የድሮ ዓመታት ትራንስክሪፕት (የታክስ መዝገብ ግልባጭ) በነጻ ማውጣት ይቻላል፤ ክሬዲት ሪፖርቱም ብዙ ጊዜ ይረዳል። የሚቀበሉትን ግን ቅጹ ላይ አንብቡ።

የስም አጻጻፉ ልዩነት ካለ አንዲት አጭር ደብዳቤ ጨምሩ። ይህን በእንግሊዝኛ ጻፉ፦ በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የለም፤ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ መጠሪያ ነው፤ ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፤ ስሜም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ በእነዚህ መንገዶች ተጽፏል ብላችሁ ዘርዝሩና ፈርሙ። አራት መስመር ይበቃል። መርማሪው እናትና ልጅ የተለያየ የመጨረሻ ስም ሲይዙ ዝምድናቸው አይታየውም፤ ባልና ሚስትም እንዲሁ። ይህች ደብዳቤ ከልደት ወይም ከጋብቻ ወረቀት ጋር ስትሄድ ብዙ ምልልስ ታስቀራለች።

መጠኑ ከፍ ሲል ፊርማው በኖተሪ (ፊርማ በሚያረጋግጥ ሰው) ፊት እንዲሆን ይጠየቃል፤ ከስንት ዶላር ጀምሮ እንደሆነ ስቴት ከስቴት ይለያያል። ቤት ፈርማችሁ አትሂዱ። ኖተሪው ስትፈርሙ ማየት አለበት፤ የተፈረመ ይዞ የመጣን ሰው ይመልሰዋል። ሂሳብ ያላችሁበት ባንክ ብዙ ጊዜ በነጻ ይሠራዋል።

ደረጃ 7፦ ጠብቁ፣ ግን እየተከታተላችሁ

ቀላል የሆነው በጥቂት ሳምንታት ሊያልቅ ይችላል፤ ውርስ ያለበት ወራት ይፈጃል። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ውሳኔ ለመስጠት በሕግ እስከ 180 ቀን አላት። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ በክሌይም ቁጥሩ ገብታችሁ እዩ። «ተጨማሪ ሰነድ ያስፈልጋል» የሚለው መልእክት ብዙ ጊዜ በኢሜይል መጥቶ ስፓም ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ መልስ ካልሰጣችሁ ፋይሉ ይዘጋል። ቢዘጋም ገንዘቡ አይጠፋም፤ እንደገና ታመለክታላችሁ። በዚህ መሐል ቤት ከቀየራችሁ ለቢሮው አሳውቁ፣ አለዚያ ቼኩ ድሮ ቤት ሄዶ የተጀመረበት ቦታ ይመለሳል።

ባለቤቱ አርፎ ከሆነ

የሞት ሰርተፊኬት፣ የሟቹ ሶሻል ቁጥር፣ የእናንተ ዝምድና ማስረጃ፣ ካለ ኑዛዜ ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ያስፈልጋል። ገንዘቡ አነስተኛ ከሆነ ብዙ ስቴቶች ፍርድ ቤት ሳትሄዱ በቃለ መሐላ ቅጽ ይቀበላሉ፤ ቢሮውን «የአነስተኛ ውርስ ቅጽ አላችሁ ወይ» ብላችሁ ጠይቁ። ሰውየው ያረፈው ኢትዮጵያ ከሆነና የአሜሪካ ዜጋ ከነበረ፣ አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ በውጭ አገር ለሚሞት ዜጋ የሚያወጣው ሪፖርት አለ፤ እሱን ይዞ መሄድ ሥራውን ያቀላል። ዜጋ ካልነበረ የወሳኝ ኩነት የሞት ምስክር ወረቀቱ ከተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ይቅረብ። ወራሾች ብዙ ከሆናችሁ በመጀመሪያ ተስማሙ፤ አንዱ ለብቻው አመልክቶ ሌላው በኋላ ሲያመለክት ፋይሉ እዚያው ይቆማል።

አገር ቤት ተመልሳችሁ ለምትኖሩ ደግሞ፦ ኖተሪ የሚጠይቅ ቅጽ ከመጣ ኤምባሲው በቀጠሮ ይሠራዋል፤ ክፍያው ለእያንዳንዱ ማኅተም 50 ዶላር ነው። የሚመለሰው ገንዘብ 40 ዶላር ከሆነ እንግዲህ ሂሳቡን አስሉት።

ማስጠንቀቂያ

*ኮሚሽን የሚጠይቅ ደብዳቤ።* «ገንዘብ አለዎት፣ ፈርመው ይላኩልን» የሚሉ የግል ፈላጊዎች አሉ። ሁሉም ሌባ አይደሉም፤ ሥራው በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ለምሳሌ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይወስዱ ከልክለዋል። ችግሩ የሚሸጡላችሁ በነጻ የሚገኝ ነገር መሆኑ ነው። አንዲት እናት ደብዳቤውን ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሩብ ብቻ ነው የምወስደው ይለኛል፣ ልፈርምለት?» አሉኝ። ቡናው ሳይፈላ ስማቸውን ስቴቱ ገጽ ላይ አገኘነው፤ ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ ክሌይሙ ገብቶ አልቋል። ደብዳቤ ከደረሳችሁ በአንድ ነገር ተጠቀሙበት፦ ገንዘብ እንዳለ ጠቁሟችኋል። ከዚያ ራሳችሁ ፈልጉ።

*አስቀድማችሁ ክፈሉ የሚል።* ስቴት «ማስለቀቂያ» አያስከፍልም፤ በጊፍት ካርድ፣ በዜል ወይም በቴሌግራም ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው። በአጭር መልእክት የመጣ ሊንክ አትጫኑ። በሌላ በኩል እንደ ኢሊኖይ ያሉ ስቴቶች ሳታመለክቱ ደብዳቤና ቼክ የሚልኩበት አሠራር ስላላቸው እውነተኛውንም ቀዳችሁ እንዳትጥሉ፤ ገጹን ራሳችሁ ጽፋችሁ ገብታችሁ አመሳክሩ።

*ኤስ-ኤስ-አይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ) የሚወስዱ ወላጆች።* ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሀብት 2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው። የተገኘው ገንዘብ ከዚያ ካሳለፋቸው ወርኀዊ ድጎማው ሊቋረጥ ይችላል። ገንዘቡ በገባ በቀጣዩ ወር እስከ 10ኛው ቀን ለሶሻል ሴኩሪቲ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ልጆች ለእናትና አባታችሁ ስታመለክቱ ይህን ሳታጣሩ ቼክ አታስመጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

- ለባለቤቱ፣ ለልጆቹ፣ ለከፈተው ድርጅት ሳይፈልግ በራሱ ስም ብቻ ፈልጎ ያቆማል። ታክሲ ወይም ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው የንግድ ስሙንም ያስገባ።
- በደበዘዘ ፎቶ የተነሳ መታወቂያ ይልካል። አራቱም ጠርዝ ይታይ፣ የፍላሽ ነጸብራቅ አይኑርበት።
- የባንክ ሂሳቡ በሁለት ሰው ስም ሆኖ ሳለ ብቻውን ይፈርማል።
- የሶሻል ካርዱን ፎቶ «እስቲ ሙሉልኝ» ብሎ በግሩፕ ይልካል። ፍለጋውን ማንም ሊያግዛችሁ ይችላል፤ ቁጥሩን ስታስገቡ ግን ኪቦርዱ በእናንተ እጅ ይሁን።
- «ሂሳብዎ እንቅስቃሴ የለውም» የሚል የባንክ ደብዳቤ ማስታወቂያ መስሎት ይጥላል። ያ ደብዳቤ ገንዘቡ ወደ ስቴት ከመሄዱ በፊት የሚላክ የመጨረሻ ጥሪ ነው፤ ያን ጊዜ ፈርሞ መመለስ ወይም አንድ ዶላር ማስገባት ብቻ ይበቃው ነበር።

ስቴቱ ጋ የማይገኝ ገንዘብም አለ። ያልደረሳችሁ የፌዴራል ታክስ ተመላሽ አይ-አር-ኤስ ጋ ነው፤ ሪተርን ያላስገባችሁበት ዓመት ካለ ደግሞ ተመላሹን ለመጠየቅ በአብዛኛው ያላችሁ 3 ዓመት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ይህ አይደር። አሠሪ ሳይከፍላችሁ ቀርቶ የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር ያስመለሰው ደመወዝ በሚኒስቴሩ በራሱ መፈለጊያ ይገኛል።

አንዴ ፈልጋችሁ ባዶ ከወጣ በዓመቱ ድገሙት። በብዙ ስቴቶች ድርጅቶች ሪፖርት የሚያስገቡት በኖቬምበር መጀመሪያ አካባቢ ሲሆን መዝገቡ ገጹ ላይ እስኪወጣ ወራት ይወስዳል። እኔ የምፈልገው በዐቢይ ጾም ሰሞን ነው፤ ያኔ የታክስ ወረቀቱም ጠረጴዛው ላይ ስለሚሆን የድሮ ደብልዩ-ቱ ፍለጋ ሳጥን አልገለብጥም።